የቢጫው ሣጥን ኢንጂነር

ሀብተሥላሴ እባላለሁ፤ ሾፌር ነበርኩ። የምጽፈው ስለ ራሴ ስላልሆነ ስለ እኔ ይህን ካወቃችሁ ይበቃል፤ አምቦ ተወልጄ አምቦ አደግሁ፤ ሃያ ዓመት በአምቦና በአዲስ አበባ መካከል አውቶቡስ ነዳሁ፤ ከዚያ የመንግሥት መኪና ይዤ ጡረታ ወጣሁ። ብዙ አለቃ አመላልሻለሁ። ከኋላ ተጋድሞ የሚያንኮራፋውን፣ ሆለታ ሳንደርስ ምሳ የሚያምረውን፣ መስኮት ከፍቶ ለዘመዱ ሁሉ እጁን የሚያውለበልበውን አውቃለሁ። ከፊት ወንበር ተቀምጣ፣ ወረቀቷን ጭኗ ላይ ዘርግታ፣ «ጋሼ ሀብቴ፣ ያንን ጉድጓድ አላየኸውም?» እያለች ነፍሴን ስትበላ የኖረችው ግን አንዲት ናት። ለንሳ ጀቤሳ ትባላለች። በአገሪቱ ያሉትን ጨረር አመንጪ ዕቃዎች ከሌባ፣ ከስህተትና ከግዴለሽ የሚጠብቀውን ክፍል የመራች የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ናት። እንዲህ ሲባል ትልቅ ነገር ይመስላል። ትልቅም ነው። እኔ ግን መጀመሪያ ያወቅኋት አጥር ለአጥር ስንኖር ከጓሮዬ ሽቦ ቆርጣ ስትወስድ ነው።

አባቷ ኦቦ ጀቤሳ ነገራ የሒሳብ አስተማሪ ነበሩ፤ በወንጌላውያኑ ቤተ ክርስቲያንም ሽማግሌ። ሰፈርተኛው «በርሲሳ» ይላቸዋል፤ በኦሮምኛ መምህር ማለት ነው። እኛ ደግሞ አያታችን ከመንዝ የመጣ፣ የማርያምን ደጅ የማንለቅ ቤተሰብ ነን። እሳቸው መዝሙር ሲጀምሩ እናቴ ሬዲዮ ትከፍታለች፤ እናቴ ስትታመም ግን ቀድመው የሚደርሱት እሳቸው ነበሩ። ለንሳ ዘጠና ስምንት አግኝታ ስትመጣ «ሁለቷ የት ሄደች?» የሚሉ አባት ናቸው። በዓይኔ አይቻለሁ። ልጅቷ አላለቀሰችም፤ ደብተሩን አገላብጣ ሁለቷን ፈለገቻት። ከእኚህ ሰው አፍ ምስጋና ሲወጣ የሰማ የሰፈራችን ሰው ካለ ይምጣና ይንገረኝ።

መንግሥት በተለወጠ ሰሞን የቤተ ክርስቲያናቸው ድምፅ ማጉያ እሑድ ጠዋት ጉባኤው በሞላበት ጸጥ አለ። ወንዶቹ መዘምራን ዙሪያውን ቆመው ሲጸልዩለት እሷ ከቤት ቢላዋ ይዛ መጥታ ሆዱን ከፈተችው። ግማሽ ሰዓት አልፈጀባትም። ማጉያው ሲጮህ እናቴ ጆሮዋን ይዛ «ይቺን ልጅ ምነው ቶሎ በዳሯት» አለች። አልተዳረችም፤ በ84 ዩኒቨርሲቲ ገባች። ያደረስኳትም እኔ ነኝ፣ በአውቶቡሴ። ኦቦ ጀቤሳ ሻንጣዋን ተሸክመው መናኸሪያ ድረስ መጡና «ሀብቴ፣ ይቺን ልጅ አደራ» አሉኝ። ለእሷ ያሏት «ስሌትሽን ሁለት ጊዜ እይ» ብቻ ነው። አውቶቡሱ ሲነሣ ግን መዞሪያው እስኪሰውረን ድረስ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ቆመው ነበር። እሷ አላየችም፤ እኔ በመስታወቴ አይቻለሁ።

በ89 ተመርቃ የጨረር መቆጣጠሪያ መሥሪያ ቤት ተቀጠረች። «ጨረር» የሚለው ቃል አምቦ ሲደርስ ምን እንደሆነ አትጠይቁኝ። እናቷ አዴ ዓለሚቱ ጤና ጣቢያ የሠሩ ሴት ናቸው፤ እሳቸው እንኳ «ማህፀኗን ያቃጥላታል» ተብለው ሳምንት ሙሉ እህል አላሰኛቸውም። ሊያገቧት ያስቡ የነበሩ ሁለት ወጣቶችም በዚያው ሰሞን ከሰፈሩ ጠፉ። እሷ ሳቀች። ኋላ ያገባችው ደግ ሰው ነው፤ ደግ ሰው ታሪክ ስለሌለው አልጽፍበትም።

እኔንም መሥሪያ ቤቱ ያስገባችኝ እሷ ናት። አውቶቡሴ ሲያረጅ፣ «ሾፌር ይፈልጋሉ፤ ማመልከቻህን ዛሬ ጻፍ» ብላ ደወለችልኝ። የእሷ ሥራ ምን እንደሆነ የገባኝ ከዚያ ወዲህ ነው። በአገራችን የጨረር ነገር ቦምብ አይደለም። የክሊኒክ ራጅ ነው፤ የካንሰር ማከሚያ ነው፤ መንገድ ሠሪ አፈሩ በደንብ መጠቅጠቁን የሚለካበት መሣሪያ ነው። እያንዳንዱ የት እንዳለ፣ በማን እጅ እንዳለ ማወቅ የእሷ ፋንታ ነበር። «ጋሼ ሀብቴ፣ እኔ የማይታይ፣ የማይሸት፣ የማይሰማ ነገር ዘበኛ ነኝ» ትለኛለች። «ደመወዝሽም እንደዚያው የማይታይ ነው» እላታለሁ።

ጨረሩን የምትሰማላት አንዲት መዳፍ የምታክል መለኪያ አለቻት፤ ጨረር ስታገኝ ጢቅ ጢቅ ትላለች። እኔ «ጢቅጢቂት» ብዬ ስም አወጣሁላት። ለንሳ ለሠራተኛ ሥልጠና በሰጠች ቁጥር የመጀመሪያ ትምህርቷ አንድ ነው፤ «መለኪያችሁን፣ ምንም ቢመጣ፣ አታጥፉ።» በጊንጪ፣ በጉደር፣ በጌዶ፣ በባኮ ከእሷ ጋር ያልገባሁበት ግቢ የለም። በገባንበት ሁሉ የሚቀበለን ሰው ሽበቴን አይቶ እጁን ወደ እኔ ይዘረጋል፤ «እንኳን ደህና መጡ ኢንጂነር!» እኔም መጀመሪያ መጀመሪያ አርም ነበር፤ ኋላ ደስ ይለኝ ጀመር። አንድ ጊዜ ባኮ ላይ «እስቲ ራጁን ይመልከቱልን» ሲሉኝ በመነጽሬ ሥር ተመልክቼ «ደህና ነው» አልኩ። ለንሳ አዲስ አበባ እስክንደርስ አላናገረችኝም። ረቡዕና ዓርብ እኔ እጾማለሁ፤ እሷ ደግሞ የጴንጤ ልጅ ናት፣ ጾም አታውቅም። ጉደር ምሳ ስንቆም ፊት ለፊቴ ጥብሷን ትበላና «ሽታው ጾም አያስፈታም አይደል?» ብላ ትጠይቀኛለች። ሒሳቡን ሁልጊዜ የምትከፍለው ግን እሷ ናት።

አሁን ወደ ቢጫው ሣጥን ልምጣ።

በ2001 ጥር ላይ ነው። ከጌዶ ወደ ባኮ የሚወርደው መንገድ ይሠራ ነበር። የአንድ ተቋራጭ ሠራተኞች፣ ስሙን ተዉት፣ የአፈር መለኪያቸውን ፒካፕ ላይ ጭነው ሲጓዙ የኋላውን በር በሽቦ አስረውት ኖሯል። ሽቦው ተፈታ፤ መሣሪያው መንገድ ላይ ቀረ። ቢጫ ሣጥን ነው፤ አሥራ አምስት ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ ሆዱ ውስጥ በእርሳስ ተሸፍና የተቀመጠች የጨረር ፍሬ አለች። ተቋራጩ መጥፋቱን አሥራ ዘጠኝ ቀን ደበቀ። ለንሳ በሰማች ዕለት ተናድዳ አልጮኸችም፤ ሲብስባት ዝም ነው የምትለው።

«እስካልተከፈተ ድረስ ብዙ አልፈራም» አለችኝ መንገድ ስንጀምር። «ብረት ቀጥቃጭ በመዶሻ ፈልቅቆት ፍሬዋ ከወጣች፣ አንዱ የሚያምር ነገር መስሎት ኪሱ ከከተታት ግን፣ ያ ሰው አለቀለት። አብረውት የሚያድሩ ልጆቹም አይተርፉም።»

አንድ ስህተት ግን ከአዲስ አበባ ሳንነሣ ሠርታ ነበር፤ እሷም አትክድም። ለወረዳዎቹ ደብዳቤ ጻፈች፤ «በውስጡ ለሕይወት እጅግ አደገኛ ነገር ያለበት ቢጫ ሣጥን ስለጠፋ ማንም እንዳይከፍተው፤ ያገኘ ለፖሊስ ያስረክብ፤ ወሮታ ይከፈለዋል» የሚል። ለቢሮ ሰው ግልጽ ደብዳቤ ነው። ባላገሩ ግን መንግሥት «አደገኛ ነው፣ አትክፈቱት፣ ወሮታ አለው» ሲል የሚሰማው ሌላ ነው፤ «ሜርኩሪ ነው» ብሎ ነው የሚሰማው። ያን ጊዜ የሜርኩሪ ወሬ አገሩን ይዞት ነበር። በአሮጌ የልብስ ስፌት መኪና ውስጥ አለ፣ በጣሊያን ጊዜ ሬዲዮ ውስጥ አለ፣ ጠብታው ፎቅ ያሠራል ይባላል። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ማለት ይኼ ነው። ደብዳቤው ከመድረሱ በፊት ሣጥኑ ተራ ብረት ነበር፤ ደብዳቤው ሲነበብ ሀብት ሆነ።

ጌዶ ስንደርስ ፖሊስ ጣቢያው ግቢ ሦስት ቢጫ ነገር ተደርድሮ ጠበቀን። አንዱ የዘይት ጄሪካን ነው። አንዱ ከትራክተር የወለቀ ባትሪ ነው። ሦስተኛው ቢጫ ቀለም የተቀባ ቀፎ ነው፣ ከነንቡ። ለንሳ ሦስቱንም በጢቅጢቂት በየተራ ለካች። ቀፎው ሲለካ እኔ መስኮት ዘግቼ መኪናዬ ውስጥ ነበርኩ።

የፖሊሱ አዛዥ ኮማንደር ሙለታ ቅን ሰው ነበር፤ ግን ችኩል ነው። «ቤት ለቤት ልፈትሽ» አለ። ለንሳ አልፈቀደችም። ሣጥኑ ካልተከፈተ መለኪያዋ ከጥቂት እርምጃ በላይ አትሰማም፤ ፖሊስ አንደኛው ቤት ሲገባ በአሥረኛው ቤት ያለው ሰው ወይ ወንዝ ይጥለዋል፣ ወይ ይሰብረዋል። እኔን ይዛ መሣሪያው በጠፋበት ግድም ወዳለች አንዲት ቀበሌ ወረደች። የቀበሌዋን ስም አልጽፍም፤ እሷ እንዲጻፍ አትፈልግም።

እዚያ ኦቦ ጉዩ የሚባሉ ሽማግሌ አሉ። ለንሳ ሰላምታዋን በኦሮምኛ አስረዝማ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ እህሉ፣ ስለ ልጆቹ ጠየቀች። ሣጥኑን ያነሣችው አንድ ሰዓት ያህል ቆይታ ነው። ሽማግሌው አዳመጧትና «ዕቃው ከዚህ መንደር አልወጣም» አሏት። «በማን እጅ እንዳለ አላውቅም፤ ባውቅም አልነግርሽም። ገዢ ግን ቅዳሜ ከብረት መጋዝ ጋር ይመጣል ይባላል።» ቀኑ ረቡዕ ነበር።

ለንሳ ወደ ሽማግሌው ጠጋ አለች። ከዚያ «ማሎ አባ፣ እናንተ ዕቃ ሲጠፋባችሁ ምን ታደርጋላችሁ?» አለች፤ ማሎ ማለት እባክዎ ነው። መምጣት የነበረበት ጥያቄ ይኼ ነበር።

የዚያች መንደር ወግ እንዲህ ነው። የሰው ዕቃ የያዘ ሰው ሲያፍር ወይም ሲፈራ፣ ሽማግሌዎቹ ቀን ይቆርጣሉ። ከየቤቱ አንድ አንድ ሰው ጆንያ ሙሉ ጭድ ተሸክሞ ሜዳ ይወጣል፤ ጭዱን አንድ ቦታ ይከምራል። የቀረው ሕዝብ ለክምሩ ጀርባውን ሰጥቶ ይቀመጣል። ሁሉም ጭዱን ጥሎ ሲያበቃ ክምሩ ይገላበጣል፤ የጠፋው ዕቃ ከሥሩ ይገኛል። ማን አመጣው አይባልም። የሚጠይቅ ሰው ይነወራል። ኦቦ ጉዩ ሲጨርሱ ጣታቸውን አነሡ። «አንድ ዓይን ከዞረ፣ ከዚህ በኋላ በዚህ መንደር መርፌ እንኳ የሚመልስ አይኖርም።» ለንሳ ቃሏን ሰጠች። በማግስቱ ሐሙስ፣ ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ፣ ሕዝቡ ሜዳው ላይ ተሰበሰበ።

ኮማንደሩ ግን ሰምቶ መጣ። ለንሳን ወደ መኪናው ጥግ ወሰዳትና «ኢንጂነር፣ መለኪያውን ብቻ ክፈቺው» አላት። «ዞር ብለሽ ማየት የለብሽም። ያዡ በአጠገብሽ ሲያልፍ ይጮኻል፤ እኔ ልብ እላለሁ፤ ዛሬ አልይዘውም፣ ቃሌ ነው። የስርቆት ጉዳይ ያለ ስም ሪፖርት ከተደረገ ለእኔም ለአንቺም ጥሩ አይደለም። ሹመት እየጠበቅሽ እንደሆነ ሰምቻለሁ።»

እውነቱን ነው። የጥበቃ ክፍሉ ኃላፊነት ክፍት ነበር፤ በመጋቢት ይሰጣታል ተብሎ አልቋል። ኦቦ ጀቤሳ ለዚያ ቀን ብለው አምቦ ልብስ ሰፊ ዘንድ ኮት አሰፍተዋል። ከአፋቸው አንድ ቃል አልወጣም፤ ኮቱ ግን ከቃልም በላይ ነበር።

ለንሳ ጢቅጢቂትን አየቻት። ለስንት ሰው «አታጥፉ» ብላ ያስተማረች ሰው ናት። «ሕዝቡ ጀርባውን ሲያዞር እኔ ጆሮዬን ከፍቼ ልቁም?» አለችው። ከዚያ የመለኪያዋን ክዳን ከፍታ ሁለቱን ባትሪ አወጣችና ሄዳ በኦቦ ጉዩ መዳፍ ላይ አኖረቻቸው። ሽማግሌው ካፖርታቸው ኪስ ከተቷቸው። ጀርባዋን ለክምሩ ሰጥታ ከሴቶቹ መካከል መሬት ላይ ተቀመጠች።

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልናገር። እኔ መኪናዬ ውስጥ ነበርኩ፤ ጀርባዬ ለክምሩ ነው፤ ግን የጎን መስታወት አለኝ። ሾፌር ነኝ፣ ዓይኔ በልማዱ ሄደ። ጆንያ የተሸከመ ሰው ተራ በተራ ያልፋል፤ ጭድ ቀላል ነው፣ ሁሉም ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው። አንዲቷ ግን ጎንብሳለች፤ ጉልበቷ ይንቀጠቀጣል። ጭድ እንዲህ አያጎብጥም። ፊቷን አላየሁም፤ እግሯ ላይ ያለውን አረንጓዴ የላስቲክ ጫማ አየሁ። አፈርኩ። እጄን አውጥቼ መስታወቱን አጠፍኩት።

ሁሉም ጭዱን ጥሎ ሲቀመጥ ኦቦ ጉዩ ባትሪዎቹን መለሱላት። ጭዱን ሁለት ሽማግሌዎች በመንሽ ገለጡት፤ ቢጫው ሣጥን ከሥሩ ተጋድሟል። ለንሳ ሰዉን ራቅ አድርጋ ብቻዋን ቀረበች። ጢቅጢቂት መጮህ ጀመረች። ከቁልፉ ጀምራ ዙሪያውን ለካች፣ ደግማ ለካች፣ ከዚያ ቀና ብላ «አልተከፈተም!» አለች። እልልታው ቀለጠ። ሣጥኑን ይዘነው በመጣነው ወፍራም የብረት ሳጥን ቆልፈን ጫንነው።

ሌላ ኢንጂነር ቢሆን በዚያው አዲስ አበባ ይገባ ነበር። ለንሳ ግን ሕዝቡ እየሰማ «ጌዶ እናድራለን» አለችኝ። «ለምን?» አልኳት። «ወር ሊሞላው የቀረበ ጊዜ ሰው ቤት ተቀምጧል። የት ነበር? ማን አጠገቡ ተኛ? ያዡ ያን ካልነገረኝ ሥራዬ ግማሽ ነው።» «ማን እንደሆነ ሳትጠይቂ እንዴት ትነግርሻለች?» አልኩ፣ አፌ አመለጠኝ። አየችኝ። «ትነግርሻለች? ጋሼ ሀብቴ፣ አንተ ሴት መሆኗን በምን አወቅህ?» መስታወቱን ተናዘዝኩ። እስክንተኛ ድረስ ተቆጣችኝ፤ እኔም የሚገባኝ ነበር።

ዓርብ ጠዋት ጌዶ ካደርንበት ቤት ስንወጣ መኪናው አጠገብ አንዲት ሴት ቆማለች፤ ሕፃን አዝላለች። ጫማዋ አረንጓዴ ነው። በእግሯ ሦስት ሰዓት ተጉዛ ነው የመጣችው። ለንሳ ቀርባ «ሂን ሶዳቲን» አለቻት፣ አትፍሪ። ሴትዮዋ የተናገረችው ሁሉ እንዲህ ነው። ባሏ ሣጥኑን ከመንገድ አንሥቶ አመጣው፤ አልሰረቀም። የመንግሥት ደብዳቤ ሲነበብ ፈራ፤ ገዢ እንደሚመጣ ሲሰማ ደግሞ ጎመጀ። ሣጥኑ አልጋ ሥር ነበር። ቀን ቀን እሷ ስትፈጭ ልጅቷን ላዩ ላይ ታስቀምጣት ነበር፤ ጠፍጣፋና የማይነቃነቅ ስለሆነ። ይህን ስትል ሕፃኗን ከጀርባዋ አወረደቻት።

ለንሳ መጀመሪያ መለኪያዋን ሕፃኗ ላይ፣ በልብሷ፣ በእጇ አዞረች። አልፎ አልፎ ጢቅ ትላለች። ሴትዮዋ በተሰማት ቁጥር ትደነግጣለች። ለንሳ መለኪያዋን በራሷ ደረት ላይ፣ ከዚያ በእኔ ላይ አደረገች፤ ያው ጢቅታ ነው። «ይኼ የመሬቱ ድምፅ ነው፤ በሁላችንም ላይ አለ» አለቻት። «ከሣጥኑ በልጅሽ ላይ የቀረ ነገር የለም። ያለፈውን ግን ይቺ መለኪያ አትነግረኝም፤ አንቺ ነሽ የምትነግሪኝ።» በመኪና ወሰድናት። ለንሳ ጎጆዋ ገብታ አልጋውን በሜትር ለካች፤ ስንት ሰዓት፣ በየስንት ቀን ብላ ጠየቀች፤ ወረቀቷን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ አሰላች። እንደ አባቷ ቃል ሁለት ጊዜ አሰላች። «ልጅሽ ያገኛት ጨረር በትልቅ ሆስፒታል አንድ ጊዜ ጠለቅ ያለ የራጅ ምርመራ የተደረገለት ሰው የሚያገኘውን ያህል ነው፤ መቀበል አልነበረባትም፣ ግን አትታመምም፤ ሐኪም ያያታል፤ እኔም እየመጣሁ አያታለሁ» አለቻት።

ሴትዮዋ ዕንባዋን ጠርጋ «ስሜን ትጽፊዋለሽ?» አለች።

«ስምሽን ጠየቅሁሽ?» አለቻት ለንሳ።

በመጋቢት ኮሚቴው ፊት ቀረበች። የኮማንደሩ ሪፖርት ቀድሟት ነበር፤ መለኪያ አጥፍታለች፣ ያዡን ለማወቅ አልተባበረችም የሚል። ኮሚቴው አንድ ጥያቄ ጠየቃት፤ «ሣጥኑ በማን ቤት እንደነበር ታውቂያለሽ?» «አዎ» አለች። «ንገሪን።» «አልናገርም።» ሹመቱ ለሌላ ሰው ተሰጠ።

መኪና ውስጥ ስትነግረኝ መሪውን በቡጢ መታሁት። «ስሟን አልጠየቅሽም! አላውቅም ብትይ ውሸት አይሆንብሽም ነበር!»

«ፊቷን አውቃለሁ፤ ቤቷንም በሜትር ለክቻለሁ» አለችኝ። «ዛሬ የማውቀውን አላውቅም ካልኩ፣ ነገ ለአንዲት እናት ‹ልጅሽ ደህና ናት› ስላት ለምን ታምነኛለች?» ሞተሩን አስነሥቼ ነዳሁ። ግን ተናድጄ ነበር፣ አሁንም እናደዳለሁ።

የከፋው የአባቷ ነገር ነው። ኦቦ ጀቤሳ ሹመቱ መቅረቱን ሲሰሙ አንድ ነገር ብቻ ጠየቋት፤ «ምን አጠፋሽ?» ሁለቷ የት ሄደች እንደማለት ነው። «ምንም» አለች። ሌላ መናገር አልቻለችም፤ ያቺን ሴት ለአባቷም ቢሆን አሳልፋ አትሰጥም። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ እውነት ነው፣ ሰውን ግን ያነቅዛል። ሦስት ዓመት አባትና ልጅ ስለ አየር ጠባይ ሲያወሩ ከረሙ። ኮቱ ከነፕላስቲኩ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ አየሁት። እሳቸው ልጃቸው አንድ የማይነገር ጥፋት እንዳለባት አምነው ነበር፤ እሷም እንዳመኑ ታውቅ ነበር። አምቦ ስንደርስ በአባቷ በር ሳልፍ መኪናውን ቀስ አደርግ ነበር፤ አንዳንዴ «ቀጥል» ትለኛለች። ያኔ እንደ ልጄ አንጀቴን ትበላኝ ነበር። በየመንፈቁ ግን ወደዚያች ቀበሌ ወርደን ልጅቷን እናያለን፤ ታድጋለች እንጂ ምንም አልሆነችም፤ ለንሳን ስታይ እየሮጠች ትመጣለች፣ እኔን ስታይ ትደበቃለች።

ኃላፊነቱን በ2005 ሰጧት፤ ያ በወረቀት ያለ ነገር ነው። እኔ ተሾመች የምለው ከዚያ ዓመት በፊት፣ በ2004 ሚያዝያ፣ አንድ ማክሰኞ ነው።

አዲስ አበባ ቢሮዋ ነበርን። ስልኳ ጠራ፤ ኦቦ ጀቤሳ ናቸው። እሳቸው በሥራ ቀን ደውለው አያውቁም። እናቷን ያመማቸው መስሏት እኔም እንድሰማ ድምፁን ከፍ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«ለንሳ፣ አንድ ሰው ቤቴ ተቀምጧል» አሉ በኦሮምኛ። «ከካቺሲ ነው የመጣው። ቁርጥራጭ ብረት ገዝቶ ጓሮው ሲያራግፍ፣ በአንዱ ከባድ ብረት ላይ አንቺ መኪና ላይ ያለውን የጨረር ምልክት አየ። አልነካውም፤ ልጆቹን አስወጥቶ፣ በሩን ዘግቶ መጣ። በመንገዱ ሁሉ ፖሊስ ጣቢያ ነበር፤ አልገባም። አምቦ መናኸሪያ ወርዶ ‹ስም የማትጠይቀዋ ሴት ቤቷ የት ነው?› ብሎ ጠየቀ። ወደ እኔ አመጡት።»

ለንሳ ወደ ስልኩ ጎንበስ አለች።

«የከብት ነጋዴዎች ናቸው የነገሩት። ስለ ጭዱ ነገረኝ። ስለ ባትሪውም ነገረኝ።» ትንፋሻቸው ይሰማል። «ለምን አልነገርሽኝም?»

«የሰው አደራ ነበር፣ አባ» አለች።

ለንሳ ሁለት እጇን አፏ ላይ አድርጋ ትጠብቃለች፤ የአርባ ዓመት ሴት፣ ደብተሯን ይዛ በር ላይ እንደቆመች ልጅ ሆና። እኔም ቁልፌን ጨብጬ ቆሜያለሁ።

«ምሳ እየበላ ነው» አሉ በመጨረሻ። «ቶሎ ድረሺለት። እኔም ስሙን አልጠየቅሁትም።»